ገመድ ያሰረ አይበላም

አንድ ጊዜ፣ የቤትም የዱርም እንስሳት በአንድ የእሾህ አጥር ውስጥ ተስማምተው በሚኖሩበት አገር፣ አመዴ የሚባል ፈሪ አህያ ነበረ። ፈሪ ነው ስላችሁ ሰነፍ አይምሰላችሁ። እህል ይጭናል፣ ውሃ ያመላልሳል፣ የታዘዘውን ሁሉ ሳያጉረመርም ይሠራል። ብቻ አንድ ነገር ጆሮው ቀጥ እስኪል ድረስ ያስፈራዋል፤ አንገቱ ላይ የታሰረችው ገመድ እንዳትፈታ።

የገመዷ ነገር እንዲህ ነው። የአገሩ ንጉሥ አንበሳ በወጣትነቱ ሕግ አውጥቶ ነበር። በአጥሩ ውስጥ ማንም ማንንም አይበላም። ሁሉም ይሠራል፣ ለሁሉም ከአንድ ጎተራ ይሰፈርለታል። ንጉሡ ራሱ ሥጋ ትቶ ገንፎ ይበላ ነበር፤ ቅቤው ይብዛለት እንጂ ቅር አይለውም። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ዋርካው ሥር ይሰለፋል፤ የጎተራው ኃላፊ፣ በጅሮንድ ቀበሮም፣ ሥራ ላለው ሁሉ የቃጫ ገመድ አንገቱ ላይ ታስርለታለች። ገመድ ያሰረ ከአጥሩ ውጭ፣ ከእርሻው ላይ ቢውል እንኳ የሚነካው የለም። ገመድ የሌለው ግን እህል አይሰፈርለትም፣ በአጥሩ ውስጥም አያድርም። ደግነቱ ሥራው ሞልቶ ስለተረፈ ለብዙ ዓመት ገመድ ያጣ አልነበረም።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። በልጉም ከዳ፣ ክረምቱም ከዳ።

ጎተራው ከግማሽ በታች ሲወርድ አንበሳው ሸንጎ ጠራ። አመዴ የንጉሡን ውሃ ጭኖ መጥቶ ነበርና ከጥግ ቆሞ ሁሉንም ሰማ።

«ገቢያችን አሽቆልቁሏል፣ ወጪያችን ግን እንዳለ ነው» አለች ቀበሮ። «ወጪ ካልቀነስን ጎተራው ዓመቱን አይዘልቅም፣ ንጉሥ ሆይ።»

«ከማን ላይ ይቀነስ ትያለሽ?»

«ከእርስዎ ገንፎ እንዳይሆን! እርስዎ ከተራቡ ማን ያስተዳድረናል? ከጎተራው ዘበኛ ከአያ ጅቦም አይቀነስም፤ በችግር ጊዜ ሌባ ይበዛል። ስለዚህ የሚቀነሰው ከገመዱ ነው። አርባ ሠራተኛ አለን። በሠላሳ እንሥራ።»

አያ ጅቦ የጎተራው ደጃፍ ላይ ተዘርፍጦ ያዛጋል። ማሽላ ሆዴን ይነፋኛል እያለ ስንት ዓመት ሲያማርር የኖረ ፍጡር ነው። የተባለውን ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት።

«እንግዲህ ገመድ የሌላቸው ከአጥሩ ይወጣሉ ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ይወጣሉ።»

«ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ሕጉ...»

«ሕጉ እስከ አጥሩ ነው» አለች ቀበሮ፣ ጅራቷን እያስተካከለች።

ጅቡ ብድግ አለ። «ይቀነስ! ይቀነስ እንጂ! አገር የሚጠቅም ነገር ሲመጣ ለምን ይዘገያል?»

ሰኞ ጠዋት ቀበሮ ሰልፉን እያየች አልፋ አልፋ አሰረች። አሥሩ አንገታቸውን እንዳሰገጉ ቀሩ። እርፍ ይዞ የሚያርሰው ዝንጀሮ አንዱ ነው። የበሬው የቦራ የቀንበር ጓደኛ ሌላው ነው። የአጥሩ በር ተከፈተ፣ ወጡ፣ በሩ ተዘጋ። ከሰዓት በኋላ አያ ጅቦ «አጥሩን ዞር ዞር ብዬ ልይ» ብሎ ወጣ። ሲመለስ ከንፈሩ ያብረቀርቅ ነበር። የተሰፈረለትን ማሽላ ሦስት ቀን አልነካውም፤ ማማረሩንም ተወው።

አመዴ ያንን ከንፈር አየ። ደንግጦ ሲያፈገፍግ የተጫነው ውሃ ግማሹ ጀርባው ላይ ፈሰሰ።

ከዚያ በኋላ ቅነሳው የየሰኞው ወግ ሆነ። ሠላሳው ሃያ፣ ሃያው አሥር ሆነ። ራቅ ካለው ማሳ እህል የሚያጓጉዙት በቅሎዎች ሲባረሩ የታጨደው ማሽላ እዚያው ክምር ላይ ምስጥ በላው። ቀበሮ ይህን እንደ ኪሳራ አልቆጠረችውም፤ ጎተራው ውስጥ ያልገባ እህል ለእሷ ሒሳብ እህል አይደለም። ጭራሽ ሌላ ቁጠባ አገኘች፤ ቃጫ ውድ ነው አለችና ገመዱን ከሰንበሌጥ ሣር መግመድ ጀመረች።

አመዴ ግን እስካሁን ገመድ አለው። የአሥሩን ሥራ ብቻውን ይሠራል። ጠዋት ውሃ ያመጣል፣ ከዚያ ጓደኛ ባጣው በቦራ ጎን ይጠመዳል። ትልቁ በሬና ትንሹ አህያ አንድ ቀንበር ሲሸከሙ ቀንበሩ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ ቦራም እንዳይከብደው ብሎ አንገቱን ዝቅ ያደርግለታል።

«መሬቱ እኮ ድንጋይ ነው፣ ለምን እናርሳለን?» አለው አመዴ አንድ ቀን።

«ገልብጠን ካልጠበቅነው ዝናቡ ሲመጣ በምን ላይ እንዘራለን?» አለ ቦራ። «አይዞህ፣ ወንድሜ። ሰማይ እንደዚህ ሆኖ አይቀርም።»

ያን ሳምንት የቦራ ሰኮና ደረቁ ጓል ላይ ተሰነጠቀ። እንዳያነክስ ጥርሱን ነክሶ ይራመዳል። ቀበሮ ልታይ ስትመጣ አመዴ በጉልበቱ ሁሉ ይስባል፣ እርፉን የሚይዝ ባይኖርም ትልሙ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሁለቱም ስለ ሰኮናው አያነሱም።

እሑድ ረፋድ ላይ ቀበሮ ወደ ወንዙ ወርዳ አመዴን ውሃ ሲቀዳ አገኘችው።

«እንዴት ነህ አመዴ? ከሳህሳ።»

«እግዜር ይመስገን፣ እመት በጅሮንድ።»

«አንጀቴን የሚበላ ነገር ገጥሞኛል። ሠራተኛው ስድስት ነው፣ ለነገ ያለኝ ገመድ አምስት። አንተን አልፌ ልሂድ ብል እጄ እሺ አላለኝም። ደግሞ ማን እንደደከመ ከአንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። አብራችሁ ትውላላችሁ።»

አመዴ ያ የሚያብረቀርቅ ከንፈር ታየው። ምንም አላውቅም ሊል ነበር፤ እውነት፣ እንደዚያ ሊል ነበር።

«ቦራ ያነክሳል» አለ።

«ጎሽ» አለች ቀበሮ፣ አንገቱን መታ መታ አድርጋ። «ነገ ጥብቅ አድርጌ ነው የማስርልህ።»

በማግሥቱ ቦራ ታለፈ። ማን እንደጠቆመው አላወቀም፤ አልጠረጠረምም። ወደ በሩ ሲሄድ አመዴ ዘንድ ቆም አለ።

«አንተ ተርፈሃል፣ ተመስገን» አለው። «በወንዙ በኩል ያለችውን ማሳ አደራ። ለስላሳ ናት፣ ብቻህን ቢሆን እንኳ ትችላታለህ።»

አመዴ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። በሩ ሲከፈት አያ ጅቦ «እኔ ልሸኘው» ብሎ ተከትሎ ወጣ።

በቀጣዩ ሰኞ የቀሩት አራት ፍየሎች ተባረሩ። ከዚያ በኋላ ዋርካው ሥር የሚሰለፍ አመዴ ብቻ ሆነ። ብቻውን መሰለፍ ከሁሉ በላይ መታየት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው፤ ከኋላው የሚደበቅበት፣ ከፊቱም የሚቀድመው አልነበረም።

ረቡዕ እለት ደመናው ጠቆረ። ሐሙስ ጠዋት ዝናቡ ወረደ። አንበሳው ደጅ ወጥቶ ጎፈሩን እያራገፈ ጮኸ።

«ይታረስ! ይዘራ! በሬዎቹ የት አሉ?»

«ተቀንሰዋል፣ ንጉሥ ሆይ» አለች ቀበሮ።

«እርፍ የሚይዘውስ?»

«እሱም ተቀንሷል።»

አንበሳው ፊቱን አጨማደደ። «እነዚህ የቀነስናቸው ሁሉ፣ ለመሆኑ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ይበሉ ነበር፣ ንጉሥ ሆይ።»

አንበሳው ወደ ጎተራው ሄዶ በመዳፉ መታው። ጎተራው እንደ ከበሮ ጮኸ። ለዘር የሚሆን ጥቂት ማሽላ ከሥሩ ቀርቷል፣ ሌላው አልቋል።

«ዘበኛ የሚያስፈልገው ነገር አልቀረም» አለ። «እንግዲህ ዘበኛው ከአህያው ጋር ይጠመድ።»

አመዴ የሰማውን ማመን አቃተው። ቦራ ይቆምበት በነበረው ቦታ፣ እሱ ራሱ ባስለቀቀው ቦታ፣ ጅብ ገብቶ ቆመ።

ከአጥሩ ወጥተው በወንዙ በኩል ወዳለችው ማሳ ወረዱ። እርፉን የሚይዝ ስለሌለ ሞፈሩ ወዲያና ወዲህ ይላጋል። ጅቡ አንዱን እርምጃ ይስባል፣ ሁለቱን ይቆማል። በመሃል ቀንበሩን አሸተተ።

«ቦራ ቦራ ይላል» አለ። «ጥሩ በሬ ነበር። የጠቆምከው አንተ ነህ አሉ?»

ዝናቡ ባይኖር የአመዴ እንባ ይታይ ነበር።

«ገመድ አስሬያለሁ፣ አያ ጅቦ» አለ በቀጭን ድምፅ።

«አይቻለሁ። እሷን ነው የማየው። ሳብ።»

ሳበ። ዝናቡ እየበረታ ሄደ፣ የሰንበሌጡ ገመድ ውሃ ጠግቦ ላላ። ቀንበሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይሞርደዋል። አመዴ ገመዱን ላለማስነካት አንገቱን ወደ ላይ ሰቀለ፤ ትንፋሽ አጠረው። አንዷ ሣር ብጥስ ስትል ተሰማችው። ሌላዋ ተከተለች። ቃጫ ቢሆን ኖሮ ክረምቱን ሙሉ ይችል ነበር። ከትልሙ ጫፍ ሲደርሱ ገመዱ ከአንገቱ ተንሸራቶ ጭቃው ላይ ወደቀ።

ሁለቱም ቆሙ።

«ወደቀች» አለ ጅቡ፣ ቀስ ብሎ።

«አያ ጅቦ፣ በእናትህ! እኔን ከበላህ ማን ያርሳል? ካልታረሰ ምን ይበቅላል? አንተስ የከርሞ ሰው ምን ትበላለህ?»

ጅቡ አሰበ። እውነቱን ለመናገር ከልቡ አሰበ፣ ግንባሩ እስኪጨማደድ ድረስ።

«እሱ የከርሞ ነው» አለ።

አመዴ ዓይኑን ጨፈነ። ጎኑ ላይ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ተሰማው፤ የቦራ ቢሆን ብሎ ተመኘ።

ከሰዓት በኋላ አንበሳውና ቀበሮ ከጎተራው ደጃፍ ተቀምጠው ሳለ አያ ጅቦ ቀንበሩን እየጎተተ መጣ። ባዶው የቀንበር ጫፍ ጭቃውን እየጫረ ይከተለዋል።

«አህያውስ?» አለ አንበሳው።

«ሥራ ለቀቀ» አለ ጅቡ፣ አፉን በክንዱ እየጠረገ።

ዝናቡ ባልታረሰው መሬት ላይ ይወርዳል።

«ነገ ከአንተ ጋር ማን ይጠመዳል ታዲያ?» አለ አንበሳው።

ጅቡ ዞሮ የቀበሮን አንገት አየ፤ አንበሳውም ያየውን አየ። ያን ሁሉ ዓመት ለሌላው ስታስር፣ ለራሷ ገመድ አስራ አታውቅም ነበር።

«እኔ እኮ በጅሮንድ ነኝ!» አለች ቀበሮ ወደ ኋላ እያፈገፈገች። «ንጉሥ ሆይ፣ እኔን ያውቁኛል!»

«አውቅሻለሁ» አለ አንበሳው። «ለመሆኑ ምን ትሠሪ ነበር?»

ቀበሮ ዞር ብላ ጎተራውን አየች። ጅቡ የአጥሩን በር ሊከፍት ተነሣ።

ከዚህ የምንማረው፣ ጎተራውን የሚሞሉትን አባርሮ ጎተራውን ለማትረፍ የሚነሣ አገር ራሱን እየበላ እንደሚያልቅ፣ በፍርሃት የጓደኛውን ስም አሳልፎ የሰጠም ከሞት እንዳላመለጠና ከጎኑ የሚቆምለትን ብቻ እንዳጣ ነው።