ፓራውልቱ ላይ የሚቀረጸው ስም

የወረዳው ንግድ ፈቃድ ኃላፊ አቶ አምደብርሃን ከውጭ ያስመጡት የመኪና ፓራውልት፣ ሰፈሩ እያየ፣ ከገዛ ግቢያቸው በር ጋር ተጋጭቶ ተሰበረ። ሌላ አስመጡ፤ እሱም እዚያው በር ላይ ተሰበረ። ሦስተኛውን በቤቱ ጓሮ ብረት የሚበይድ አንድ ሰው ሠራላቸው። ኃላፊው እንደ ልማዳቸው በሩን ሲገጩት፣ ፓራውልቱ ምንም አልሆነም፤ የተጣመመው በሩ ነው።

በማግስቱ በያጁ ዘንድ እየተቆጡ መጡ።

«ከጓሮ የወጣ ብረት ለጥፎ ይነዳል ልባል ነው? የውጭውን ፋብሪካ ስም ቅረጽበት! አለዚያ ዛሬውኑ ቤትህን አሽገዋለሁ።»

ሰውየው የብየዳ መነጽሩን አወለቀ።

«መቅረጹንስ እቀርጸዋለሁ፣ ጌታዬ። ግን የሰፈሩ ሰው አያምንዎትም።»

«ለምን አያምነኝም?»

«አልተሰበረማ።»