አትጠገብና ማር መሪዋ ወፍ

ተረት ተረት ይዤ መጣሁ! ጆሮ ያላችሁ ቀረብ በሉ፤ ጆሮ የሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ።

«አትጠገብ ልጄ፣ እግርሽ ደርሷል፤ ጆሮሽ ግን ገና መንገድ ላይ ነው።»

ይህን ያሏት አክስቷ እማሆይ ሐመልማል ነበሩ። አትጠገብ ያኔ ጥርሷን የምትነቅል ልጅ ነበረች። ታዲያ ምን አለች? ሳቀች። ሮጠች። ጆሮዋም ከኋላ ቀረ።

አደገች፣ አገባች፣ ወለደች። ምክር ሲነግሯት ግማሹን ትሰማለች፣ ግማሹን ራሷ ትሞላለች። «ጨው ጨምሪ፣ ግን...» ሲሏት፣ «ግን» የሚለው ሳይደርስ እፍኝ ሙሉ ጨው ወጡ ውስጥ ነው።

አንድ ዓመት ትንሿ ልጇ በኩፍኝ ታመመችባት። አትጠገብም ተንበርክካ፣ «እመቤቴ ማርያም፣ ልጄን ማሪልኝ፤ ለንግሥሽ የሚበራውን ጧፍ እኔ አገባለሁ» ብላ ተሳለች። ልጅቷ ዳነች፤ እንዲያውም ድመት ታሳድድ ጀመር።

ስለት ግን ስለት ነው። ጧፍ ያለ ሰም አይሠራም፤ ሰም ያለ ንብ አይገኝም። በዚያ ዓመት ደግሞ ድርቅ ገብቶ ንቡ ሁሉ ከቀፎው ተሰዷል። ንግሡ ደረሰ። ስለቷን ሳታገባ በምን ፊቷ የማርያምን ደጅ ትርገጥ?

የመንደሩ ጉልበተኛ ባላምባራስ ጓንጉልም፣ «ሰሙን እኔ አመጣለሁ፣ ስሜ ይጠራል!» ብሎ ዛፉን ሁሉ በመጥረቢያ ይገነድሳል። ገንደስ፣ ገንደስ! ማር ግን የለም።

አንድ ጧት ማር መሪ ወፍ ከአትጠገብ አጥር ላይ አረፈች። «ቂው ቂው! ተከተዪኝ፣ አትቅደሚኝ!» አለችና ወደ መንደሩ መሃል በረረች።

«እንዴ! ንብ መንደር ውስጥ ምን ይሠራል? ይቺ ወፍ ዞሮባታል» አለች አትጠገብ። ወደ ጫካ ሮጠች። ከአንድ ግንድ ሥር ጉድጓድ አየችና እጇን ሰደደች። ጃርት ወጣ።

«ሴትዮ፣ በአገርሽ በር አይንኳኳም?» አላት። ነጠላዋ ላይ እሾኹን ተክሎባት ተመለሰ።

በማግሥቱ ወፊቱ መጣች። «ቂው ቂው! ተከተዪኝ፣ አትቅደሚኝ!»

አትጠገብ እስከ ገበያው ተከተለቻት። እዚያ ስትደርስ፣ «ገባኝ! ወደ ገደሉ ነው!» ብላ ቀደመቻት። ገደሉ ላይ ዝንጀሮዎች ጠበቋት። ለማሩ የያዘችውን ቅል ነጠቋት፤ ነጠላዋንም ቀሟት። አንዲት አሮጊት ዝንጀሮ ነጠላውን አጣፍታ ለበሰችና፣ «እንኳን አደረሰሽ!» አለቻት።

አትጠገብ ያለ ነጠላ፣ ያለ ቅል፣ ያለ ማር ቤቷ ገባች። መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥሎ ዝንጀሮዋ ትዝ አለቻትና ሳቀች። ከዚያ፣ «እመቤቴ፣ ጧፉን ተሳልኩልሽ እንጂ ልቤን መች ሰጠሁ? የሚሰማ ልብ ከልጅሽ ከወዳጅሽ ለምኚልኝ» አለች።

ወፊቱ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። «ቂው ቂው! ተከተዪኝ፣ አትቅደሚኝ!»

«አልቀድምሽም እናቴ፤ ብቻ ምሪኝ።»

ወፊቱ በአጥር ቀዳዳ ሾለከች፤ አትጠገብም ሾለከች። ወፊቱ በገበያው በርበሬ ላይ አለፈች፤ አትጠገብም እያስነጠሰች አለፈች። ወፊቱ በባላምባራስ ግቢ ዘለል ዘለል አለች፤ አትጠገብም ዘለል ዘለል አለች።

«ኧረ እዩልኝ! አትጠገብ ጫጩት ሆነች!» ብሎ ባላምባራስ ሆዱን ይዞ ሳቀ። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። «ቂው!» አለች ወፊቱ። አትጠገብ ምራቋን ከነመልሱ ዋጠችው።

ወፊቱ ሄዳ ሄዳ የት ብታርፍ ጥሩ ነው? የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ደጃፍ! ቄሱ አባ ወልደ ሐና በሩን ከፈቱ። ጥግ ላይ ቆዳው የተቀደደ አሮጌ ከበሮ ተሰቅሏል። ከውስጡ ዥዥዥ ይላል። ንቡ ሁሉ እዚያ ሰፍሯል!

«ወይ ጉድ! እኔኮ ደብተራዎቹ ዜማ ሲያጠኑ መስሎኝ ስባርካቸው ከረምኩ» አሉ አባ።

«ጭስ ይቅደም፣ እጅ ይከተል» አለች ወፊቱ። አትጠገብን እጇን በላት፤ በሌላው እጇ ያዘችው። ጭሱን እስኪያመጡ ጠበቀች።

ይሄኔ ባላምባራስ እየሮጠ ደረሰ። «ዞር በሉ! ከበሮ በወንድ ክንድ ነው!»

«ጋሼ ባላምባራስ፣ ጭሱ ይድረስ...» አለች አትጠገብ።

«እኔን ወፍ ልትመራኝ?» ብሎ ከበሮውን ዱም! አደረገው።

ንቡም መልሱን ሰጠው። አባና አትጠገብ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው ተረፉ። ባላምባራስ ግን በገበያው በረረ፣ በበርበሬው ላይ በረረ፣ ወንዝ ገብቶ ጠለቀና አፍንጫውን ብቻ አወጣ። አፍንጫውም ተነደፈች።

ጭሱ መጣ፤ የቀረው ንብ ረጋ። አትጠገብ ለወፊቱ ድርሻዋን ቆርሳ ሰጠች፤ ሰሙን አቀለጠች፤ ፈትሉን ነከረች። በንግሡ ቤተ ክርስቲያኑ በእሷ ጧፍ ቦግ አለ። ባላምባራስ ፊቱ ቅል አክሎ ቤቱ ዋለ። ስሙ ግን እንዳለው ተጠራ፤ ሽማግሌዎቹ እያነሱት፣ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ተባባሉ።

አትጠገብ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ነበር። ከፊቷ ያሉ አንዲት ባልቴት ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ ጧፉን ዝቅ አድርጊው፤ ሻሼን ልታነጂው ነው» አሏት።

አትጠገብም ጧፏን ዝቅ አደረገች።