ቢናይን ማለት ምን ማለት ነው?

አንዲት እናት ነበሩ። ወይዘሮ ትርንጎ ይባላሉ። አንገታቸው ላይ እብጠት ወጣባቸውና ሐኪም ቤት ሄዱ። ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ሲደርስ ወጣቱ ሐኪም፣ «እማማ፣ ቢናይን ነው። ለክትትል ከወር በኋላ ብቅ ይበሉ» አላቸው። ይኸው ነው። ቀጣዩ ታካሚ ተጠራ።

ቢናይን። እንዲህ ያለ በሽታ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እሳቸውም ሰምተው አያውቁም። «ምን ማለት ነው ልጄ?» ብለው መጠየቅ ይችሉ ነበር። አፈሩ።

ቤት ሲደርሱ ባላቸው አቶ ደምሰው፣ «ምን አሉሽ?» አሏቸው።

«ቢናይን ነው አሉኝ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እንጃ። በአማርኛ ስም እንኳ የሌለው በሽታ ነው።»

አቶ ደምሰው ወደ ጓሮ ዞሩና ብቻቸውን አለቀሱ።

የልጃቸው የምንትዋብ ሰርግ ደግሞ ቀን ተቆርጦለት ነበር። እናት ለልጃቸው ትንፍሽ አላሉም። ድንኳን ሲታዘዝ፣ ጌሾ ሲወቀጥ ዝም ብለው ያያሉ። ለእሳቸው የሚሆን ቀሚስ ሲመረጥ፣ «ለእኔ አትግዙ፤ ምን ያደርግልኛል» ይላሉ። እህል አልወርድ አላቸው። ከሱ። ያከሳቸው ግን በሽታ አልነበረም፤ ያልገባቸው አንድ ቃል ነበር።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ባላቸው ኮሪደሩ ላይ ቀሩ፤ እሳቸው ገቡ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። የልጄን ሰርግ እደርስበታለሁ?»

ሐኪሙ ግራ ተጋባ። «ለምን አይደርሱም?»

«ቢናይን ነው ብለኸኝ የለ?»

ሐኪሙ ወንበሩን ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። «እማማ፣ ቢናይን ማለት ክፉ ያልሆነ፣ የማይገድል ማለት ነው። ያን ቀን የነገርኩዎት የምሥራች ነበር። በአማርኛ ልነግርዎ ይገባ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ካንሰር አይደለም?»

«አይደለም።»

ወይዘሮ ትርንጎ ሲወጡ ምን እንዳደረጉ ታውቃላችሁ? ኮሪደሩ መሀል ቆመው እልል አሉ። አቶ ደምሰው ሚስታቸው ያበዱ መስሏቸው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሴቶች ምክንያቱን ሳያውቁ እልልታውን ተቀበሉ። የሰርጉ ዕለት እኔም ተጠርቼ ነበር፤ እኚህን እናት ተቀምጠው አላየኋቸውም።

እስኪ ልጠይቃችሁ፣ ወገኖቼ። በእነዚያ ሁሉ ቀናት ወይዘሮ ትርንጎ ሊሞቱ ነበር? አልነበረም። የምሥራቹ አልተነገራቸውም? ተነግሯቸዋል፤ በገዛ ጆሯቸው ሰምተውታል። ታዲያ ለምን ከሱ? የሰሙት ቃል ትርጉሙ ስላልገባቸው ነው።

እኛስ? «ጸጋ» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተናል? «ሥርየት» ሲባል ስንት ጊዜ አሜን ብለናል? አሜን ብለን ግን ቤታችን እንገባና የድሮ በደላችንን እያነሳን ስንብሰለሰል እናድራለን። ይቅር ተብላችሁ ሳለ፣ እንዳልተባለ ሰው ለምን ትከሳላችሁ?

ሥርየት ማለት ተደምስሷል ማለት ነው። ጸጋ ማለት ሳይገባችሁ፣ እንዲሁ በነጻ ተሰጣችሁ ማለት ነው። ለእናንተ ነው የምለው፣ ለጎረቤታችሁ አይደለም።

አሁንም ያልገባው ካለ ሳይጠይቀኝ እንዳይሄድ። በሩ አጠገብ እቆማለሁ፤ አትፈሩኝ። የገባችሁ ደግሞ ወደየቤታችሁ ሂዱና ዛሬ ምሳችሁን ደስ ብሏችሁ ብሉ።