ለሐዊ አንድ ሰሃን ሽሮ

ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፤ የራበው ግን መጀመሪያ በልቶ ይምጣ፤ ነገሩ የምግብ ነገር ነውና በባዶ ሆድ አይሰማም።

ማስተዋል የምትባል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ከዩኒቨርሲቲው አጥር ጀርባ ከጓደኛዋ ከሐዊ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ሐዊ ታይፎይድ ይዟት ሰነበተች። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ የምግብ ፍላጎቷ ግን አልመለስ አለ።

ማስተዋል ያልሞከረችው የለም። ከተማሪዎች ካፌ ምስር አመጣች፤ ሐዊ በርበሬው ገና ከበር ሸተታትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አስፋልት ዳር ካለው ምግብ ቤት ሽሮ ገዝታ መጣች፤ ዘይቱ ላዩ ላይ ሰፍፎ ነበርና ሐዊ አንድ ጉርሻ ቀምሳ ተወችው። ፓስታ ቀቀለች፤ ፓስታው ተጣብቆ በቢላ የሚቆረጥ ሆነ፤ እሱንስ ጤነኛም አይበላው።

መድኃኒቱ ደግሞ በባዶ ሆድ አይወሰድም። ትናንት እንዲያው ውጣው አስመለሳት። አባቷ ከነቀምት ደውለው፣ «እህል ካልቀመስሽ ነገ መጥቼ ወደ ቤት እወስድሻለሁ» አሏት። ፈተና ደርሷል። አሁን ወደ ቤት ሄደች ማለት ዓመቱን አጣችው ማለት ነው።

ጠዋት ላይ ሐዊ ከብርድ ልብሱ ውስጥ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ማስቴ፣ እናቴ የላከችው ነጭ ሽሮ አለ አይደል? እሱ ቀጠን ተደርጎ ቢሠራ የሚወርድልኝ ይመስለኛል።»

ከታመመች ወዲህ ይህን ስጡኝ ስትል የመጀመሪያዋ ነበር። ማስተዋል ከአልጋዋ ዘላ ተነሳች። ሽሮው አለ። ሽንኩርት አለ፣ ዘይት አለ፣ እንጀራም አለ። የኤሌክትሪክ ምድጃም አለ፤ መብራት ግን ከትናንት ጀምሮ የለም።

አከራይዋ እትዬ ደብሪቱ ከግቢው ጥግ ጎንበስ ብለው የከሰል ምድጃቸውን ያራግባሉ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ እባክዎ ምድጃዎን ለጥቂት ጊዜ ያውሱኝ። ለሐዊ ሽሮ ልሠራላት ነው።»

«ለሐዊ ብዬ ምን እነፍግሻለሁ፣ ልጄ። ግን ይሄ የምታዪው ንፍሮ የለቅሶ ቤት ነው። ጎረቤቴ አባቷ ሞተውባት ባዶ እጄን እያወዛወዝኩ አልሄድም። ከሰሉ አለቀብኝ፤ ንፍሮው ገና ድንጋይ ነው። ከሰል አምጪልኝና ንፍሮው ይብሰል፤ ከዚያ ምድጃው ያንቺ ነው።»

ከሰል ከሌለ ንፍሮ አይበስልም፤ ንፍሮ ካልበሰለ ምድጃ አይለቀቅም፤ ምድጃ ካልተለቀቀ ሽሮ አይሠራም፤ ሽሮ ካልተሠራ ሐዊ አትበላም። ማስተዋል ፌስታል ይዛ ወጣች።

ከሰል ሻጯ እማማ የሺ በጆንያዎቻቸው መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈዋል።

«እማማ፣ ከሰል ይሽጡልኝ።»

«ያለው በጆንያ ነው። ጆንያው እንደተሰፋ ነው።»

«ታዲያ ይፍቱታ።»

«በምን ጉልበቴ? ከንጋት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም። ጎንበስ ስል ዓይኔ ይጨልምብኛል። ዕቃዬን ጥዬ ደግሞ የት እሄዳለሁ?»

«እኔ ልፍታልዎ?»

«ተይ! ባለፈው አንዷ ተማሪ ልፍታልዎ ብላ ቀድዳብኝ ሄደች። ከዚያ ፉል ቤት ፉል አምጪልኝ። እሱን ከቀመስኩ ራሴ እፈታዋለሁ።»

ፉል ካልመጣ ጆንያ አይፈታም፤ ጆንያ ካልተፈታ ከሰል የለም፤ ከሰል ከሌለ ንፍሮ አይበስልም፤ ንፍሮ ካልበሰለ ምድጃ አይለቀቅም፤ ምድጃ ካልተለቀቀ ሽሮ አይሠራም፤ ሽሮ ካልተሠራ ሐዊ አትበላም።

ፉል ቤቱ ቅርብ ነው። ድስቱ ይንተከተካል፤ ሽታው ማስተዋልን ራሷም ቁርስ እንዳልበላች አስታወሳት። ባለቤቱ ጋሽ ኑርዬ ግን ጭልፋቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። አንድም ሰው አልተቀመጠም።

«አንድ ፉል ይስጡኝ ጋሽ ኑርዬ፤ ለእማማ የሺ ነው።»

«ፉልማ ሞልቷል። ዳቦ ነው የጠፋው።»

«ያለ ዳቦም ይሁን።»

«በምን ሊበሉት? በጣታቸው? ነገ ‘ኑርዬ ፉል በባዶ ሰደደልኝ’ ብለው መንደሩን ሁሉ ያዳርሱታል። አይሆንም። ከዳቦ ቤት ዳቦ ይዘሽልኝ ነይ፤ ፉሉን ከነሰሃኑ ትወስጂያለሽ።»

ዳቦ ካልመጣ ፉል አይወጣም፤ ፉል ካልወጣ ጆንያ አይፈታም፤ ጆንያ ካልተፈታ ከሰል የለም፤ ከሰል ከሌለ ንፍሮ አይበስልም፤ ንፍሮ ካልበሰለ ምድጃ አይለቀቅም፤ ምድጃ ካልተለቀቀ ሽሮ አይሠራም፤ ሽሮ ካልተሠራ ሐዊ አትበላም።

የዳቦ ቤቱ መስኮት ተዘግቷል፤ የትኩስ ዳቦ ሽታ ግን በስንጥቁ ይወጣል። ማስተዋል አንኳኳች። ደግማ አንኳኳች። ዳቦ ጋጋሪው ወንድይፍራው ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ መስኮቱን ገርበብ አደረገው።

«ዳቦ አለ?»

«አለ። አይሸጥም።»

«እንዴት አለ፣ አይሸጥም?»

«ለተማሪዎች ካፌ የታዘዘ ነው። የሚወስደው ባጃጅ ከጠዋት ጀምሮ ቀረ። ላንቺ አንድ ከሸጥኩ ሰፈሩ ሁሉ ይሰለፋል። ከዚያ ለካፌው ምን ልልክ ነው? የነሱ ሳይጫን መስኮት አልከፍትም።»

«ወንድሜ፣ ስማኝማ» አለች ማስተዋል፤ ትንፋሿን ሰብሰብ አድርጋ። «ዳቦ ካልሸጥክልኝ ፉል አይወጣም፤ ፉል ካልወጣ ጆንያ አይፈታም፤ ጆንያ ካልተፈታ ከሰል የለም፤ ከሰል ከሌለ ንፍሮ አይበስልም፤ ንፍሮ ካልበሰለ ምድጃ አይለቀቅም፤ ምድጃ ካልተለቀቀ ሽሮ አይሠራም፤ ሽሮ ካልተሠራ ጓደኛዬ አትበላም።»

ወንድይፍራው ጆሮውን አከከ። «ይሄ ሁሉ ለአንድ ሰሃን ሽሮ ነው?»

«ለአንድ ሰሃን ሽሮ ነው።»

«እንግዲያው ባጃጁን ፈልጊልኝ። ልክ እንደጫነ የመጀመሪያው ዳቦ ያንቺ ነው።» መስኮቱ ተዘጋ።

ማስተዋል ወደ ቁልቁለቱ መንገድ ስትጀምር ስልኳ ጮኸ። ሐዊ ናት።

«ማስቴ፣ የት ደረስሽ? የመድኃኒቱ ሰዓት አለፈ እኮ። ዝም ብዬ ልዋጠው?»

«እንዳትነኪው! መጣሁ።»

መጣሁ አለች እንጂ ከቤት እየራቀች ነበር። አንድ ጊዜ ቆም ብላ፣ «ተመልሼ ሙዝ ብገዛላትስ?» ብላ አሰበች። ሙዙን ግን ከትናንት በስቲያ ሞክራው ነበር። መንገዷን ቀጠለች።

ባጃጁን ከድልድዩ አጠገብ አገኘችው። አንዱ የኋላ ጎማው የለም፤ በጎማው ፈንታ በድንጋይ ተደግፏል። ውስጡ እስከ ግማሹ ጥቅል ጎመን ተጭኗል። ሹፌሩ አብነት ቀጭን አርጩሜ ይዞ ዙሪያውን ይዞራል፤ ፍየሎችም አብረውት ይዞራሉ።

«ዳቦ ቤቱ እየጠበቀህ ነው!»

«እኔስ መሄድ ጠልቼ ነው? ጎማዬ ተነፈሰ። ወደ ጎሚስታው በሰው ልኬዋለሁ፤ እስካሁን አልተመለሰም። ሄጄ እንዳላመጣው ደግሞ፣ ይኸው፣ እነዚህን እዪያቸው!» አንዷ ፍየል አንገቷን ሰድዳ ቅጠል ጎተተች። «ሂጅ! ጎመኑም የካፌው ነው፣ እህቴ። ዞር ካልኩ ግንዱ ብቻ ነው የሚቀረኝ። ጎማዬን አምጪልኝና ወዲያው እነሳለሁ።»

ጎማ ካልመጣ ባጃጅ አይነሳም፤ ባጃጅ ካልተነሳ መስኮት አይከፈትም፤ መስኮት ካልተከፈተ ዳቦ የለም፤ ዳቦ ከሌለ ፉል አይወጣም፤ ፉል ካልወጣ ጆንያ አይፈታም፤ ጆንያ ካልተፈታ ከሰል የለም፤ ከሰል ከሌለ ንፍሮ አይበስልም፤ ንፍሮ ካልበሰለ ምድጃ አይለቀቅም፤ ምድጃ ካልተለቀቀ ሽሮ አይሠራም፤ ሽሮ ካልተሠራ ሐዊ አትበላም። ይህን እያልጎመጎመች ማስተዋል ወደ ጎሚስታው ሮጠች።

ጎሚስታው ጋሽ ላቀው ከደጃፋቸው ተቀምጠዋል። የአብነት ጎማ እግራቸው ሥር ተጋድሟል። የውስጡ ካላመዳሪ ቀዳዳው ተለጥፏል፤ ሁሉም ነገር አልቋል፤ አየር ብቻ የለውም። የጋሽ ላቀው ቀኝ እጅ ከክርኑ እስከ ጣቱ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ጋሼ፣ የባጃጁን ጎማ ልወስድ ነበር።»

«ውሰጂው። ግን ባዶ ነው። ማሽኑ ያለ መብራት አይነፋም። የእጅ ፓምፕ አለኝ፤ እጄ ደግሞ ይኸው፣ ትናንት ወለም ብሎኝ ማንኪያ እንኳ አያነሳም።»

ማስተዋል ለምዳዋለች። ክርክርም አላነሳች፣ አላለቀሰችም።

«እሺ፣ ምን ላምጣልዎ?»

ጋሽ ላቀው ትንሽ አሰቡ።

«እጅ» አሉ።

ማስተዋል ሁለት እጆቿን አየቻቸው። ከጠዋት ጀምሮ የሌላትን ሲጠይቋት ነው የዋለችው፤ ከሰል የላትም፣ ፉል የላትም፣ ዳቦ የላትም፣ ባጃጅ የላትም።

«እጅማ አለኝ!» አለችና ፌስታሏን ወረወረችው።

ፓምፑን በሁለት እግሯ ረግጣ ትገፋው ጀመር። ላብ ዓይኗ ውስጥ ገባ። መዳፏ ቀላ፣ ከዚያ ውኃ ቋጠረ።

«አሁንስ?»

ጋሽ ላቀው ጎማውን በግራ እጃቸው አንኳኩ። «ገና ነው።»

«አሁንስ?»

«ገና ነው፣ የኔ ልጅ።»

«አሁንስ?»

ደግመው አንኳኩ፤ ጆሯቸውን አቀረቡ። «ይበቃል። ድንቅ አድርገሽ ነፋሽው!»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተፈታ። እጅ ጎማውን ነፋ፤ ማስተዋል ጎማውን በአስፋልቱ ላይ እያንከባለለች አደረሰች፤ ጎማው ባጃጁን አስነሳ፤ ባጃጁ ዳቦውን ጫነ፤ ወንድይፍራው መስኮቱን ከፈተ፤ ዳቦው ፉሉን አስወጣ፤ ፉሉ ለእማማ የሺ ደረሰ። እማማ የሺ ዳቦውን በፉሉ እያጠቀሱ ቀመሱ፣ ደገሙ፣ ከንፈራቸውን ጠረጉ፣ ጆንያውንም አንድም ክር ሳይበጠስ ፈቱት። ከሰሉ ምድጃውን አቀጣጠለ፤ ምድጃው ንፍሮውን አበሰለ፤ እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮውን በሳፋ ይዘው ወደ ለቅሶው ሄዱ፤ ምድጃውም ለማስተዋል ቀረ።

ሽንኩርቱን አቁላላች። ውኃ ጨመረች። ውኃው ሲፈላ ሽሮውን በትንሽ በትንሹ እየነሰነሰች አማሰለች፤ ውኃ የቋጠረው መዳፏ ማማሰያውን አላስይዝ ቢላትም አላቆመችም፤ ባለፈው ስትሠራ ተጓጉሎባት ነበርና። ሽሮው ቀጠን ብሎ፣ ለስልሶ፣ ፈክቶ በሰለ።

ሐዊ ተነስታ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ማስተዋል ሰሃኑን ፊቷ አስቀምጣ እጇን አጣጥፋ ቆመች። ሐዊ ትንሽ ቆረሰች። አጠቀሰች። አፏ ውስጥ ከተተች። አላመጠች። ዋጠች።

ማስተዋል ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች።

ሐዊ ደግማ ቆረሰች። ይሄኛው ከመጀመሪያው ይተልቃል። ሦስተኛውን አፏ ዘንድ አድርሳ ቆም አለች፤ ፊቷን ቋጠር አደረገች።

«ምነው? አስጠላሽ?»

«አይ» አለች ሐዊ። «ጨው አንሶታል።»

ማስተዋል መሬቱ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠችና እየሳቀች አለቀሰች። ያቺ ሁሉን ነገር እየገፋች የሰነበተች ልጅ አሁን ጨው ታማርጣለች! ተነስታ ጨው አመጣች። ሐዊ ጨምራበት ሰሃኑን ጨረሰች፤ መድኃኒቷንም ዋጠች፤ መድኃኒቱም ባለበት ቀረ።

ከሰዓት በኋላ አባቷ ደወሉ።

«እህል ቀመስሽ ወይስ ልነሳ?»

«ሽሮ በላሁ አባዬ። ማስተዋል ሠራችልኝ። ጨው ግን አንሶት ነበር።»

የአባቷ ሳቅ በስልኩ ተሰማ።

«ጨው አንሶታል ካልሽማ ድነሻል። ፈተናሽን ተፈተኚ።»

ይኸው ነው። የኔ ወሬ አለቀ፤ የናንተ ሽሮ እንዳይጓጎል አማስሉ።