የካምቢዮዋን ኳስ የዋጠችው ዶሮ

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ተረት ለራቀ ሰው አይሰማም። ነገሩ የሆነው ድሮ ነው፤ ብረት አፍ አውጥቶ፣ ዶሮ ከባለቤቷ ጋር በምትሟገትበት ዘመን።

ጋሽ ላቀው የሚባል ሰው አንዲት ትንሽ አሮጌ መኪና ነበረችው። ጀርባዋ ጎበጥ፣ ዓይኗ ፈጠጥ ያለ። ታዲያ ማርሽ ባስገባ ቁጥር ካምቢዮ የሚሏት የማርሽ ሳጥኗ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ታቃስታለች። "ጋራዥ ውሰዳት" ቢሉት እምቢ አለ። "እኔ ላቀው እያለሁ የመኪናዬን ሆድ ዕቃ ሌላ ሰው አያይም" ብሎ ካምቢዮዋን እዚያው ግቢው ውስጥ አወረደና ፈታታት። ጥርሳም ማርሾቹን፣ ብሎኑን፣ ሞላውን፣ ሽምብራ የምታክለውን የብረት ኳስ አንድ በአንድ ጠረገ። ጠርጎስ የት ቢደረድረው ጥሩ ነው? ሚስቱ ሽምብራ ያሰጣችበት ሰሌን ላይ!

"አንተ ሰው፣ ሽምብራዬን ግራሶ ልታበላው ነው?" አለችው ሚስቱ ወይዘሮ የሺመቤት።

"ጥግ ጥጉን ነው የያዝኩት" አላት።

ዛጎሌ የምትባለው ዶሯቸው ይህን ሁሉ ከአጥሩ ሥር ሆና ታይ ነበር። ሽምብራ ስትወድ አይጣል ነው። ወይዘሮ የሺመቤት ዞር ስትል ከተፍ አለች። አንድ ዋጠች፣ ሁለት ዋጠች፤ ሦስተኛው ግን ያብረቀርቃል። "ይሄስ ቅቤ የተቀባ ነው" አለችና እሱንም ዋጥ አደረገችው። ወዲያው ሆዷ ውስጥ ቃ የሚል ድምፅ ተሰማ።

"ማነው?" አለች ዛጎሌ።

"እኔ ነኝ፣ የካምቢዮዋ ኳስ" አለች ኳሲት ከውስጥ። "ማርሽ ከገባበት እንዳይወጣ የምይዘው እኔ ነኝ። ሞላ ከኋላ እየገፋኝ ስንት ዘመን ጨለማ ውስጥ ቆሜ ኖርኩ። እዚህ ግን ሙቀቱ ተስማምቶኛል።"

"እባክሽ ውጪልኝ።"

"አልወጣም።"

ዛጎሌ ውሃ ጠጣች፤ ኳሲት አልወጣችም። ከአጥር ላይ ዘለለች፤ አልወጣችም። አንገቷን ዘቅዝቃ ኡሁ ኡሁ አለች፤ ኳሲት በሌላው ጎኗ ተንከባለለችና ተኛች። "እንግዲህ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" አለች ዛጎሌ፤ የገባው ነገር ከዝንብ የባሰ መሆኑን እያወቀች።

ጋሽ ላቀው ካምቢዮዋን ገጥሞ፣ ቦታዋ መልሶ፣ ብሎኑን ሁሉ አጠበቀ። አንድም የተረፈ ዕቃ ስላልነበረ ደስ አለው። የተረፈማ ይታያል፤ የጎደለውን ማን ያያል? በማግስቱ የእህቱ ልጅ ትዳራለች፤ ሙሽራዋን ከሙሽራው ቤት አደርሳለሁ ብሎ በሽማግሌ ፊት ቃል ገብቷል።

ጠዋት ሞተር አስነሳ። ማርሽ አስገባ፤ ማርሹ ዘሎ ወጣ። እንደገና አስገባ፤ ዘሎ ወጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ቢያስገባው ዘሎ ወጥቶ "የሚይዘኝ የለም" ብሎ ሳቀበት።

ይህን ጊዜ ትናንት ሁሉን ስታይ የዋለችው ድመታቸው ጢሟን ላሰችና "ጋሽ ላቀው፣ ነገር መውደዴ አይደለም" አለች። ነገር ስታመጣ ሁልጊዜ እንዲህ ብላ ነው የምትጀምረው። "ኳሷ ዛጎሌ ሆድ ውስጥ ናት። ካረዷት ትወጣለች። አንጀቷን ብቻ ለኔ ይጣሉልኝ፤ ሌላ አልፈልግም።"

ጋሽ ላቀው ቢላ ይዞ መጣ። ዛጎሌ ግድግዳው ጥግ ተያዘች። መሮጫም መብረሪያም አጣች፣ የቀራት አፏ ብቻ ሆነ።

"ጋሼ፣ ውጫለሁ፤ አልክድም" አለች። "ግን ቢያርዱኝ ኳሷ ትወጣ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ካምቢዮዋን መልሶ ማን ሊፈታ፣ ማን ሊገጥም ነው? እስከዚያ ሙሽራዋ ታረጃለች።"

ጋሽ ላቀው ቢላውን እንደያዘ ቆመ።

"የኳሷ ሥራ መያዝ አይደል? እኔ እይዛለሁ። እንቁላል ስታቀፍ ቤት ቢቃጠል የማልነሳ ዶሮ ነኝ። አንድ ማርሽ ካመለጠኝ እዚያው መንገድ ላይ ልታረድ።"

"ኧረ ይዘሃት ሂድ" አለች ወይዘሮ የሺመቤት። "ሙሽራ በእግሯ ልትሄድ ነው እንዴ?"

ዛጎሌ ከፊት ገባች። የማርሹን ዘንግ በሁለት ክንፏ አቅፋ በደረቷ ተጫነችው። ሙሽራዋና ሚዜዎቿ ከኋላ ተጠቅጥቀው ገቡ።

"ዶሮዋ በማን ወገን ናት?" አለች አንዷ ሚዜ።

"በካምቢዮ ወገን" አለ ጋሽ ላቀው።

ከበሩ ሲወጡ አንደኛ ማርሽ "ልውጣ?" አለ። "ተቀመጥ" አለችው ዛጎሌ፤ ተቀመጠ። ኮረኮንቹ ላይ ሁለተኛ ማርሽ "ልውጣ?" አለ። "ተቀመጥ" አለችው፤ ላባዋ እየረገፈ ያዘችው። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። ታች ወንዝ አለ፤ ፍሬኑም እንደ መኪናዋ ያረጀ ነው፤ መኪናዋን የሚይዛት ማርሹ ብቻ ነው። ሦስተኛ ማርሽ ምንም አላለም፤ ድምፁን ያጠፋ ሌባ ነበር። ድንገት ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ የያዙት የፈንዲሻ ሰፌድ ተገለበጠና ፈንዲሻው ዛጎሌ አፍ ሥር ዘነበ።

"ቅመሺው እንጂ" አላት ሦስተኛ ማርሽ በሹክሹክታ። "አንገትሽን ዘርጋ ማድረግ ብቻ ነው።"

"ብዪ፣ ለኔም ይደርሰኛል" አለች ኳሲት ከሆዷ።

ዛጎሌ ፈንዲሻውን አየች። ቁልቁለቱን አየች። በጋሽ ላቀው ግንባር የሚወርደውን ላብ አየች። በጣም አምሯት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጨፈነችው። ምራቋን ዋጠች፤ ሌላ ምንም አልዋጠችም።

ሙሽራዋ በሰዓቷ ገባች፤ እልልታው ቀለጠ። ጋሽ ላቀው ዶሮዋን ከዘንጉ ላይ ሊያነሳት ቢል አልላቀቅ አለችው።

"ቆምን?" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

"ቆምን።"

"ሞተሩ ጠፋ?"

"ጠፋ።"

ያኔ ለቀቀች፤ ፈንዲሻውንም አንድ ሳታስቀር ለቀመችው። ጋሽ ላቀው ቢላውን ወደ ማጀቱ መለሰ፤ ካምቢዮዋንም ዳግመኛ አልፈታም። ከዚያ ወዲህ ገበያ ሲሄድ ዛጎሌ፣ ለቅሶ ሲሄድ ዛጎሌ፣ ክርስትና ሲጠራም ዛጎሌ። "ኧረ ጋሼ፣ እስከ መቼ?" ስትለው መልሱ አንድ ነው፤ የዋጡትን መትፋት ካቃተ፣ የተዋጠውን ሥራ መሥራት ነው።