የዋኒት ሾላና የጦጢት ማሰሮ

ተረት አለብኝ። «ክፈለን!» በሉኝ። እሺ፣ ቀስ ብዬ ልክፈል፤ ከመካከሉ እንዳይጎድልብኝ ጸጥ ብላችሁ ስሙኝ።

ድሮ፣ እንስሳው ሁሉ አፍ፣ ዕቃው ሁሉ ምላስ በነበረው ጊዜ፣ በአንድ ወንዝ ዳር አንዲት ትልቅ ሾላ ነበረች። በሾላዋ ላይ ባልና ሚስት ዋኔኖች ይኖሩ ነበር። ዋኔን የርግብ ዘመድ ናት፤ አመድማ፣ ጭምት ወፍ። ሚስቲቱ ዋኒት፣ ባልየው ዋኔ ይባሉ ነበር። ሾላዋ ዋኒት ከእናቷ የወረሰቻት ርስት ናት። ዋኒት የተፈለፈለችውም እዚያው፣ ሁለት ቅርንጫፎች እንደ ሁለት ክንድ በሚገናኙበት ቦታ ነው።

ዋኔ ክፉ ባል አልነበረም። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ በኋላ ቸኩላችሁ እንዳትፈርዱበት። ሳቂታ ነው፣ ቸር ነው፣ እንግዳ ይወዳል። ታዲያ ትልቋን ልጃቸውን ሲድሩ፣ «የዋኔ ድግስ ሳሳ» እንዳይባል ወደ እመት ጦጢት ሄዶ አንድ ማሰሮ ማሽላ ተበደረ። እመት ጦጢት በዋሻዋ እህል የምታከማች ጥንቁቅ ባለጸጋ ነበረች።

«እሰጣለሁ» አለች። «ነገር ግን ወለድ አገድ ነው። ማሰሮዬን ሞልታችሁ እስክትመልሱ ድረስ ሾላዋን እኔ እይዛለሁ። ፍሬዋን የምበላው በወለዴ ፋንታ ነው። እናንተ አታርፉባትም። ደግሞ እፍኝ እፍኝ እያላችሁ እንዳታመጡብኝ፤ የምቀበለው ሙሉውን ባንድ ጊዜ ነው። አባ ኤሊ ምስክር ይሁኑ።»

አባ ኤሊ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ሰምቻለሁ» አሉ። መልሰውም አስገቡት።

ድግሱ አማረ። እንግዳው በላ፣ ጠጣ፣ መርቆ ሄደ። ማሽላው አለቀ፣ ባዶዋ ማሰሮ ቀረች። ባልና ሚስቱም ከሾላዋ ወርደው፣ ከወንዙ ማዶ ካለ የአጋም ቁጥቋጦ ገቡ።

አጋሙ ዝቅ ያለ ነው፤ እሾሁም ብዙ ነው። ዋኒት ዙሪያውን አየች።

«ክረምት ሲገባ ወንዙ እዚህ ድረስ ይመጣል» አለች። «እንቁላሎቼን እዚህ መጣል አልችልም። ዝናቡ ሳይገባ ወደ ሾላዬ መመለስ አለብኝ።»

«ዕዳ እንጂ ሞት አይደለ፣ እቴ!» አላት ዋኔ። «ይከፈላል።»

«ማን ይከፍለዋል?»

«ይከፈላል አልኩሽ እኮ!»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነፋሱ የበሰለ ሾላ ሽታ ይዞ ወንዙን ይሻገራል። ሾላዋም ከማዶ ትጣራለች፦

«ዋኒት፣ ዋኒት፣ መቼ ትመጫለሽ?»

«ማሰሮዋ ስትሞላ።»

«ማሰሮዋ መቼ ትሞላለች?»

ይህን ጊዜ ዋኒት ወደ ባሏ ዞር ትላለች። ዋኔ ግን ከጎረቤት ጋር እየተሳሳቀ ነውና አይሰማም። ማሰሮዋም በበኩሏ፣ «እኔም ዋሻዬ ናፈቀኝ። እዚያ እህቶች አሉኝ» ትላለች።

ዋኒት ለቃርሚያ ወጣች። ከአውድማ ዳር የወደቀውን፣ ከጉንዳን የተረፈውን፣ አንድ ፍሬ አንድ ፍሬ እየለቀመች፣ ጦሟን እያደረች ማሰሮዋን እስከ ወገቧ ሞላች።

አንድ ቀን እሷ ቃርሚያ እንደ ወጣች የልጃቸው ባል ቤተሰቦች መጡ። ዋኔ ክንፉን ዘርግቶ ተቀበላቸው። «ቤቴ አጋም ቢሆን እጄም አጋም ነው እንዴ? ብሉ!» አላቸው። በሉ።

ዋኒት ስትመለስ ማሰሮዋ «ባዶ ነኝ፣ እመቤቴ» አለቻት።

«አያ ዋኔ፣ ምን አደረግህ?»

«ታዲያ በባዶ አፋቸው ልሸኛቸው? አገር ምን ይለኛል?»

«ሾላዬስ ምን ትለኛለች?»

«ዛፍ ምን ታውቃለች፣ እቴ!» ብሎ ሳቀ።

ዋኒት እንደገና ለቀመች። ራቅ ብላ ሄዳ ለቀመች። ማሰሮዋን እስከ አንገቷ ሞላች።

ያን ጊዜ ደግሞ ፌንጣ የሚሉት አዝማሪ እግሩን እንደ መሰንቆ እየገዘገዘ መጣ። ከአጋሙ ሥር ቆሞም እንዲህ አለ፦

«የዋኔ ማሰሮ ከቶ አያልቅ እህሉ፤
ዝናብ ነው ለጋሱ፣ ተቀመጡ ብሉ!»

«ያልቃል!» አለች ማሰሮዋ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ዋኔ ግን ደረቱን ነፋ። «ድገመው!» አለ። ፌንጣው ደገመው፤ ዋኔ ሸለመው። «ድገመው!» አለ፤ ደገመው፤ ሸለመው። ዋኒት ስትመለስ ፌንጣው ጠግቦ መዝለል አቅቶት በእግሩ ሲሄድ መንገድ ላይ አገኘችው። ነገሩ ወዲያው ገባት። ተመልሳ ወደ አውድማው በረረች።

በሦስተኛው ማሰሮዋ ጢም ልትል እፍኝ ቀራት። በሰማዩ ላይ ደመናው መክበድ ጀምሯል። ዋኒት አባ ኤሊን ለመነቻቸው። «ነገ ማሰሮዋን በጀርባዎ ያደርሱልናል?»

«አደርሳለሁ» አሉ አባ ኤሊ። «መድረሱን እደርሳለሁ፤ መቼ እንደሆነ ግን አትጠይቂኝ።»

ሾላዋ በተጣራች ጊዜም ዋኒት ከመቼውም ይልቅ ጮክ ብላ «ነገ!» አለቻት። ጠዋት የቀረውን እፍኝ ልትለቅም ሄደች።

ስትመለስ ዋኔ ከደጅ ቆሞ ይጠብቃታል። አይስቅም። ከክንፉ ሥር የደበቀው ነገር አለ።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አላት።

ጨፈነች። በአንገቷ ዙሪያ ለስላሳ ነገር ተሰማት። ስትገልጥ በአንገቷ ጥቁር የሐር ክር ታስሯል። ጫፉን ቆርጦ በራሱም አንገት አስሯል።

«ነጋዴው ቁራ ነው ያመጣው» አላት። «ከሾላዋ ከወረድን ወዲህ ስትስቂ አላየሁም። ደስ ይበልሽ ብዬ ነው፣ እቴ።»

ዋኒት ማሰሮዋን አየቻት። ባዶ ናት፤ ማሽላው በሙሉ ለክሩ ዋጋ ሄዷል።

«ደስታዬ እኮ ማዶ ነበር» አለች ዋኒት።

ክሩን ሊፈታው ሞከረ። አጥብቆ አስሮት ኖሮ እምቢ አለው። ቁራውም ርቆ ሄዷል። የዚያን ማታ ሾላዋ ብትጣራ ብትጣራ ዋኒት ድምፅዋን አላሰማችም።

ዝናቡ ገባ። ዋኒት ሌላ ቦታ የላትምና ሁለቱን እንቁላሎቿን በአጋሙ ውስጥ ጣለች። በዋኔን ልማድ እንቁላል የሚታቀፈው በተራ ነው፤ ሌሊት ሚስት፣ ቀን ባል።

«ተራህ ነው፣ ተቀመጥ» ብላው በዝናቡ ውስጥ ለቀማ ሄደች።

ዋኔ ተቀመጠ። በዝናብ እንግዳ አይመጣም፤ አዝማሪ አይመጣም። የሚያዋራው ቢያጣ ዝም አለ። ዝም ሲል ከማዶ አንድ ድምፅ ሰማ።

«ዋኔ፣ ዋኔ፣ መቼ ትመጣለህ?»

ደነገጠ። «እኔንም ትጠሪኛለሽ?»

«ሁልጊዜ እጠራሃለሁ። ትስቅ ነበርና አልሰማኸኝም።»

«ማሰሮዋ... ማሰሮዋ ስትሞላ» አለ።

«ማን ይሞላኛል?» አለች ማሰሮዋ።

ዋኔ «ትሞያለሽ» ሊል አፉን ከፈተ። ባዶዋን ማሰሮ አየና መልሶ ገጠመው።

ከዚያ ወንዙ መጣ። መጀመሪያ የአጋሙን ሥር ላሰ፤ ቀጥሎ ጎጆውን በአንድ ጎን አዘነበለው። አንዱ እንቁላል ተንሸራተተ። ዋኔ ክንፉን ዘረጋ፤ አልደረሰበትም። ሁለተኛውን በደረቱ ይዞ፣ እሾሁ እየወጋው፣ ውሃው ጭራውን እየነካው፣ ጎርፉ እስኪጎድል ድረስ አልተንቀሳቀሰም።

ዋኒት በስብሳ፣ በአፏ አንድ የማሽላ ፍሬ ይዛ መጣች።

«ሁለት ነበሩ» አላት ዋኔ።

ዋኒት ጎጆውን አየች። ወንዙን አየች። ከዚያ ወደ ማሰሮዋ ሄዳ ፍሬዋን ጣለቻት። ፍሬዋ ከባዶው ማሰሮ ሥር ስትወድቅ የተሰማውን ድምፅ ዋኔ ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም።

ከዚያ ወዲህ ለቃርሚያ ቀድሞ የሚወጣ እሱ ሆነ። እንግዶች ሲመጡ አንገቱን ደፍቶ፣ «ቤቴ ዕዳ አለበት፤ ዛሬ ውሃ ብቻ ጠጡልኝ» አላቸው። ይስቁብኛል ብሎ ጠበቀ። አንዱ እንግዳ ግን ውሃውን ጠጥቶ፣ «እፎይ! እኛም አለብን፤ ስትመጣ የምንሰጥህ አጥተን ስንጨነቅ ነበር» አለው። ፌንጣውም መጥቶ ዘፈነ። «ዜማህ ጥሩ ነው» አለው ዋኔ፣ «ግጥምህ ግን ውሸት ነው።»

አንዷ ጫጩት ተፈለፈለች። መኸር ደረሰ። ማሰሮዋ ጢም አለች። አባ ኤሊ ተሸከሟት፤ ዘገዩ እንጂ ደረሱ። እመት ጦጢት የማሰሮዋን አፍ በመዳፏ ደልደል አድርጋ፣ «ሞልታለች፤ ሾላችሁን ውሰዱ» አለች። ማሰሮዋና እህቶቿ ዋሻው ውስጥ እየተሳሳሙ ሲንኳኩ ከሩቅ ተሰማ።

ዋኒት በረረች። ያቺን ቅርንጫፍ፣ ያቺን የተወለደችባትን፣ ፈለገች። የጦጢት ልጆች ሲንጠላጠሉባት ተሰብራ ጉቶዋ ብቻ ቀርቷል።

«ስለ ፍሬዋ ነው እንጂ ስለ ቅርንጫፏ አልተነጋገርንም» አሉ አባ ኤሊ፣ እያዘኑ።

ዋኔ በሌላ ቅርንጫፍ ላይ ጎጆ ሠራ። ፀሐይ አዘቀዘቀች። የሾላው ሽታ ሞላ። ዋኒት ግን ፊቷን ወደ ማዶ፣ ወደ አጋሙ፣ እንቁላሉ ወደ ወደቀበት ውሃ አዙራ መጣራት ጀመረች።

«ቤታችን ገብተናል እኮ፣ እቴ» አላት ዋኔ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ» አለች።

አልሳቀም። ተጠግቷት ተቀመጠ፤ አብሯት ተጣራ።

ዋኔኖች እስከ ዛሬ አንገታቸው ላይ ያ ጥቁር ክር አለ። ሲመሽ በገዛ ዛፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ከቤቱ እንደ ራቀ ሰው ይጣራሉ።

ስለዚህ፣ ልጆቼ፣ ዕዳ በጊዜው ሲከፈል የሚወስደው እህል ነው፤ ሲዘገይ ግን ከቤት ውስጥ መርጦ ይወስዳል።

ተረቴን ከአባቴ ተበድሬ ነበር፤ ለእናንተ ከፈልኩ። እናንተም ለልጆቻችሁ ሞልታችሁ ክፈሉ።