ያልተጠየቀው መሐላ

ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት ገመገም ላይ አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች። የዚህ ታሪክ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬም ስላሉ ስሟን ትቼዋለሁ። ከተሜው ሙስሊም፣ በየሰኞው እህሉን ጭኖ የሚወርደው ደገኛ ክርስቲያን ነበር። ገበያ ቢያገናኛቸውም ማዕድ አላገናኛቸውም። አንዱ ያረደውን ሌላው አይቀምስም፣ ልጅም አይሰጣጡም፤ ክፉ ነገር በተገኘ ቁጥር «የእነዚያ ሥራ ነው» ለማለት ግን ሁለቱም ፈጣኖች ነበሩ። በዚህ እንኳ አይለያዩም ነበር።

በዚህች ከተማ ሼህ እንድሪስ የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። አርባ ዓመት ተማሪ ሰብስበው ኪታብ ያስቀሩ፣ የተጣላ ያስታረቁ፣ ዘመድን ከሐቅ አያስበልጡም የተባለላቸው ሰው ናቸው። እንዲህ መባል ደግሞ ቀላል ነው፤ ዘመዱ የገዛ ልጅ እስኪሆን ድረስ።

አንድ ሰኞ ቀን ደምሌ የሚባል ደገኛ ጎልማሳ ከከተማዋ ምንጭ አጠገብ በቢላ ተወግቶ ሞቶ ተገኘ። ሟቹ የባላምባራስ አንዳርጌ የበኩር ልጅ ነው፤ ባላምባራስ ደግሞ የደገኞቹ ሁሉ ሽማግሌ ናቸው። ቀብሩ እንዳበቃ ወጣቶቹ ጦር ይዘው ወረዱ። «ገዳዩን አውጡ፤ አለዚያ ከተማዋን ከነመስጊዷ እናነዳታለን» አሉ። የአገሩ ገዥ ነገሩ ሳይብስ አውጫጭኝ አስጠራ።

በአውጫጭኝ የሁለቱም ወገን ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። እያንዳንዱም እንደየሃይማኖቱ «አልገደልኩም፣ የገደለውንም አላውቅም» ብሎ ይምላል። የሚያስምሉት ሽማግሌዎች ግን ራሳቸው አይምሉም፤ ሽማግሌን ማ እንዲምል ይጠይቃል? ነውር ነው። ከከተሜው በኩል ሼህ እንድሪስ ኪታቡን ይዘው፣ ከደገኛው በኩል ባላምባራስ አንዳርጌ መስቀሉን ከሚይዙት ቄስ ጎን ተቀምጠው ያስምሉ ጀመር።

ሼሁ ገዳዩን ያውቁ ነበር። ያን ሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ከዐስር ሶላት በፊት ልጃቸው ጡሃ ከጓሮ ኩታውን ሲያጥብ ደርሰውበታል። ውሃው ቀይ ነበር። «ያ ደገኛ በቅሎውን ለሶላት ታጥበን ውዱእ ከምናደርግበት ቦይ ውስጥ አስገባ። ተው ስለው ቢላ መዘዘብኝ። ቀደምኩት» አላቸው። «እንግዲያው ሂድና ይህንኑ ለዳኛ ተናገር» አሉት። እሺ አለ፤ አልሄደም። እሳቸውም ነገ ይሄዳል፣ ከነገ ወዲያ ይሄዳል እያሉ ጠበቁ። የአባት ሆድ ነውና አልፈርድባቸውም፤ እሳቸው ግን በራሳቸው ላይ ፈርደዋል።

በሦስተኛው ቀን የጡሃ ተራ ደረሰ። ቀርቦ እጁን አባቱ በያዙት ኪታብ ላይ አኖረ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። «አልገደልኩም፣ የገደለውንም አላውቅም» ብሎ ማለና ወደ ቦታው ተመለሰ።

የመጨረሻው ሰው ምሎ ሲያበቃ ከደገኞቹ መካከል አንዱ ብድግ አለ።

«የእስላም መሐላ ለእኛ ምናችን ነው? ተነሡ!» አለ። ጦር የያዘ ሁሉ ተነሣ። ከከተሜውም ዱላና ድንጋይ ያልጨበጠ አልነበረም።

«መሐላው አላለቀም» አሉ ሼህ እንድሪስ። «እኔ አልማልኩም።»

ገዥው ደነገጠ። «ሼሁ፣ እርስዎን ማን ጠየቀዎ?»

«ማንም አልጠየቀኝም። ከእኔ መጀመር ነበረበት።» እጃቸውን በኪታቡ ላይ አኖሩ። «ወላሂ፣ ገዳዩን አውቃለሁ። ልጄ ጡሃ ነው። ደም ሲያጥብ አይቻለሁ፤ መግደሉንም በአፉ ነግሮኛል። ቀድሞ ቢላ የመዘዘው ሟቹ ነው ይላል። ያንን አላየሁምና አልምልበትም። ያየ ሰው ካለ፣ ስለ ፈጠረው ጌታ ይናገር።»

ይህን ብለው ወደ ደገኞቹ ዞሩ። ምስክር ሆኖ የወጣ ግን የለም። ባላምባራስ አንዳርጌ አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። ሰዉ ሁሉ የልጃቸው ሐዘን መሰለው።

በዚያ አገር ወግ የሟች አባት ወይ ደም ወይ ካሳ ይመርጣል። ቀድሞ ቢላ የመዘዘ ሰው ደም ግን በካሳ ያልቃል እንጂ ነፍስ አይጠየቅበትም። የጡሃ እናት ወይዘሮ ዘሐራ ይህንን ታውቅ ነበርና ከሜዳው ዳር መጥታ በባሏ እግር ላይ ወደቀች።

«አንቱ፣ ‹አይቻለሁ፣ ያኛው ነው የመዘዘው› ቢሉ ምን አለበት? አንዲት ቃል ናት። ሰዉ ያምንዎታል!»

«የሚያምነኝማ ያላየሁትን ስለማልናገር ነው፣ ዘሐራ» አሉ።

ባላምባራስ ደም መረጡ። ሐሙስ ረፋድ ላይ ጡሃ ሁለት ረከዓ ሶላት ሰግዶ ለሟች ወገን ተሰጠ፤ ደምሌን በገደለባት ቢላ ገደሉት። ተማሪዎቹ ሬሳውን ሊያጥቡ ሲቀርቡ ሼሁ ከለከሏቸው። «በሐሰት ያስማልኩት እኔ ነኝ፤ እኔው ልጠበው» አሉ። ዘሐራም ከዚያ ቀን ወዲህ ምግባቸውን ማቅረቡን ሳታቋርጥ፣ ከእሳቸው ጋር ተቀምጣ መብላቱን ተወች።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን ባላምባራስ አንዳርጌ እንደ ይቅርታ ለማኝ ወግ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው፣ በሼሁ እጅ እንዲታረድ በግ እየጎተቱ ከደጃፍ ቆሙ።

«ቀድሞ የመዘዘው የእኔ ልጅ ነው» አሉ። «አብሮት የነበረው የእህቴ ልጅ ያንኑ ሰኞ ነግሮኛል። እንዲምል ስንጠራውም ታሟል ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። እኔንም ሽማግሌ ነኝና ማንም አልጠየቀኝም።»

ሼሁ «እኔንም ማንም አልጠየቀኝም ነበር» አሉ።

«ምን ላድርግ? ንገሩኝ።»

«ለእኔ ያሉትን ለሰዉ ይበሉ።»

«ጡሃን ይመልስልዎታል?»

«አይመልስልኝም። ነገ ግን የሌላ ሰው ልጅ እዚያ ሜዳ ላይ ይቀመጣል።»

ሼሁ ድንጋዩን ከጫንቃቸው አወረዱላቸው። በጉን ግን አላረዱትም። «ለአላህ ብዬ ይቅር ብያለሁ ልል ብዙ ሞከርኩ፤ ምላሴ እምቢ አለኝ። በጉን ይዘው ይመለሱ» አሏቸው።

በማግስቱ ሰኞ ባላምባራስ በገበያው መካከል መስቀል ጨብጠው እየማሉ ያወቁትን ሁሉ ተናገሩ። የገዛ ወገናቸው ምራቁን ተፋባቸው። «ለእስላም ብሎ የልጁን አጥንት ሸጠ» ተባሉ። እስኪሞቱም ድረስ ለሽምግልና የጠራቸው የለም። ሁለቱ አዛውንቶች ወዳጅ ሆኑ ብዬ ባወራ ደስ ባለኝ፤ ግን አልሆኑም። ገበያ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጡ ነበር፤ ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ግን በዚያ አገር አውጫጭኝ ሲጠራ በሁለቱም ወገን መጀመሪያ የሚምለው ሽማግሌው ሆነ። ሼህ እንድሪስም በሕይወት ሳሉ ሁለት ጊዜ፣ ጡሃ በሐሰት በማለበት በዚያው ኪታብ ላይ፣ ከሰው ሁሉ ቀድመው ማሉ።

ከተማሪዎቻቸው አንዱ «ሼሁ፣ የእኛና የእነሱ ፍትሕ አንድ ነውን?» ብሎ ቢጠይቃቸው «አንድ ነው፤ ከሌላው ደጅ ሲጀምር ግን በቀል ነው» ብለው መለሱ።

ወንድሞቼ፣ ይህን ታሪክ ሳስብ የሚከብደኝ የሼሁ እውነተኝነት አይደለም፤ ለእሱስ አጅሩን አላህ ይከፍላቸዋል። የሚከብደኝ፣ በዚያ ሜዳ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች የየልጃቸውን ጥፋት እያወቁ መቀመጣቸው ነው። ሁለቱም ሐሰት ሐራም መሆኑን ያውቃሉ፣ ሁለቱም ጌታቸውን ይፈራሉ፤ አንደኛው ተነሣ፣ ሌላው ሁለት ወር ዘገየ። እኛም ፍትሕ ይምጣ እያልን ስንጮህ ጣታችን የሚያመለክተው ወደ ማዶ ነው። በዚያ ሁለት ወር መካከል ግን ጡሃ የተገደለባት አንዲት ሐሙስ ነበረች።